በሩ ለማን ያደረ ነው?

እንደምን አመሻችሁ። ንግግሬን ከአንድ በር ልጀምር።

ጆ ቺፕ የሚባል ሰው ከቤቱ ሊወጣ እጀታውን ይይዛል። በሩ አይከፈትም። ከመከፈት ይልቅ ይናገራል፤ አምስት ሳንቲም እንዲከፈለው ይጠይቃል። ጆ ኪሱን ይዳብሳል፤ ባዶ ነው። ነገ እከፍላለሁ ቢልም በሩ ንቅንቅ አይልም። ጆ ይቆጣና እስከ ዛሬ የሰጠሁህ ጉርሻ እንጂ ዕዳ አይደለም ብሎ ይሟገታል። በሩም ረጋ ባለ ድምፅ፣ ቤቱን ሲገዛ የፈረመውን ውል አውጥቶ እንዲያነብ ይመክረዋል። ጆ ውሉን ፈልጎ ያገላብጣል። በሩ እውነቱን ነው፤ ለመክፈቻና ለመዝጊያ የሚከፈለው ገንዘብ ግዴታ ነው። በዚህ ጊዜ ጆ ከመሳቢያ ቢላ ያወጣና የመቀርቀሪያውን ብሎን መፍታት ይጀምራል። የመጀመሪያው ብሎን ሲወድቅ በሩ “እከስሃለሁ” ይለዋል።

ጆ ለዚህ የመለሰውን በኋላ እነግራችኋለሁ። ለጊዜው ከዚያ ቀጥሎ የሚሆነውን ብቻ ልንገራችሁ። እንግዶች ከውጭ ያንኳኳሉ። ጆ ሳንቲም የለኝም አይላቸውም። “በእኔ በኩል ማሽኑ የተበላሸ ይመስላል፤ ከዚያ በኩል አንድ ሳንቲም ክተቱልኝ” ይላቸዋል። ባዶ ኪሱን በማሽን ብልሽት ሸፈነ።

ይህ ትዕይንት ፊሊፕ ኬ ዲክ በ1969 ባሳተመው “ዩቢክ” በተባለ ልብ ወለድ ውስጥ ይገኛል። ዛሬ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እንደሆኑ ያዙልኝ። ታሪኩ የሚፈጸመው በ1992 ነው። በዚያ 1992 ሰዎች ለሥራ ጨረቃ ይሄዳሉ፣ ሙታን በቅዝቃዜ ተይዘው ከዘመዶቻቸው ጋር ያወራሉ፣ የሰው ሐሳብ የሚያነቡ ሰላዮች ደመወዝ ይቀበላሉ። እውነተኛው 1992 መጥቶ ሲያልፍ ከእነዚህ አንዱም አልሆነም። ደራሲው በአንድ ገጽ ተኩል፣ ለቀልድ ያህል ጣል አድርጎት ያለፈው በር ግን ዛሬ በብዙዎቻችን ቤት ቆሟል።

ብዙ ሰው የሳይንስ ልብ ወለድን እንደ ዕቃ ትንቢት ያነበዋል። አንዱ ደራሲ የእጅ ስልክን አስቀድሞ አወቀ፣ ሌላው ሳተላይትን፣ ሦስተኛው ሮቦትን እየተባለ ነጥብ ይያዝለታል። በዚህ ቆጠራ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ዕቃ መገመት ቀላል ነው፤ መሐንዲሶቹ ራሳቸው ልጅ ሆነው ያነበቡትን ሠርተው ትንቢቱን ሊፈጽሙት ይችላሉ። ከባዱ ነገር ዕቃው ለማን እንደሚያድር ማየት ነው። የጆ በር የሚያስፈራኝ ስለሚናገር ወይም ስለሚያስብ አይደለም። በጆ ገንዘብ ተገዝቶ፣ በጆ ቤት ቆሞ፣ ለሌላ ጌታ ያደረ በመሆኑ ነው። ድምፁ ትሁት ነው፤ ውሉን ጠንቅቆ ያውቃል፤ አይሳሳትምም።

ዲክ ይህን እንዴት አየው? የነቢይ ዓይን ነበረው ከማለት በፊት ኑሮውን ማየት ይሻላል። በ1950ዎቹ ለቤት እንስሳት ተብሎ የሚሸጥ የፈረስ ሥጋ እየገዛ ይበላ እንደነበር ራሱ ጽፏል። ሳንቲም እየቆጠረ የሚያድር ሰው ከሀብታም የተሻለ የሚያውቀው አንድ ነገር አለ፤ ውል በማን ወገን እንደተጻፈ ያውቃል። ሌሎቹም እንደዚሁ ናቸው። “እኛ” የተባለውን ልብ ወለድ በ1920ና 1921 የጻፈው ሩሲያዊው ዬቭጌኒ ዛምያቲን የመርከብ መሐንዲስ ነበር። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን እንግሊዝ አገር ሄዶ የበረዶ ሰባሪ መርከቦችን ግንባታ ተቆጣጥሯል። የሠራተኛን እንቅስቃሴ በሰዓት የሚለካውን የፍሬድሪክ ቴይለርን ዘዴ ያውቀዋል። በመጽሐፉ ውስጥ ሰዎች ስማቸው ቁጥር ነው፣ የሚኖሩት በመስተዋት ቤት ነው፣ ቴይለር ደግሞ እንደ ታላቅ ሊቅ ይከበራል። ዛምያቲን ሩቅ ዘመን አላለመም፤ ከሥራ ቦታው ያየውን ወደ ቤትና ወደ መኝታ ክፍል ማስገባት ብቻ ነው የቀረው። መጽሐፉ በአገሩ የታተመው በ1988 ነው። ፍሬድሪክ ፖል ደግሞ የማስታወቂያ ጽሑፍ እየጻፈ ደመወዝ ይበላ ነበር፤ ወደ እርሱ እመለሳለሁ።

እዚህ ላይ የራሴን ገመና ላውጣ። ባለፈው ዓመት ማተሚያ ማሽን ገዛሁ፤ የአምራቹ ስም ይቅር። አንድ ምሽት ሁለት ገጽ ደብዳቤ ላትም ብል ማሽኑ ቢጫ ቀለም አልቋል ብሎ እምቢ አለ። ደብዳቤው ከዳር እስከ ዳር ጥቁር ነው፤ አንዲት ቢጫ ነጥብ የለበትም። ወጥቼ በርካሽ የሚሸጥ የሌላ አምራች ቢጫ ቀለም ገዛሁ። አስገብቼ ክዳኑን ስዘጋ፣ በትንሿ መስኮት ላይ “ይህ ቀለም ተቀባይነት የለውም” የሚል ጽሑፍ መጣ። አወጣሁት፣ አራገፍኩት፣ መልሼ አስገባሁት። ያው ጽሑፍ። በመጨረሻ ደብዳቤውን በእጄ ገለበጥኩት። ባለቤቴ ከሌላው ክፍል “ታተመ ወይ?” ብላ ስትጠይቀኝ “ተበላሽቷል” አልኳት። ማሽኑ አልተበላሸም። አምራቹ እንዳዘዘው፣ አንዳች ሳያጓድል እየሠራ ነበር። እንደ ጆ ቺፕ ማፈሬ የገባኝ ሌሊት አልጋ ላይ ነው።

ከእኔ ማሽን ከፍ ያሉትንም ታውቋቸዋላችሁ። ቢኤምደብልዩ በ2022 በአንዳንድ አገሮች የመኪና መቀመጫ ማሞቂያን በወርሃዊ ክፍያ መሸጥ ጀመረ፤ በወር 18 ዶላር ገደማ። ማሞቂያው መቀመጫው ውስጥ አስቀድሞ ተገጥሟል፤ ባለቤቱ በየቀኑ ይቀመጥበታል፤ የሚከፍለው እንዲሞቅ ፈቃድ ለማግኘት ነው። ሰው ስለጮኸ ኩባንያው በማግስቱ ዓመት ተወው። ሬቮልቭ የተባለ 300 ዶላር የሚሸጥ የቤት መብራትና መቆለፊያ መቆጣጠሪያም ነበር። ኔስት የተባለው የጉግል እህት ኩባንያ በ2014 ገዛውና በግንቦት 2016 ከሩቅ ሆኖ የሚያዘውን ኮምፒውተር ዘጋው። በየሰዉ መደርደሪያ ላይ የነበረው ዕቃ በዚያው ቀን ግዑዝ ፕላስቲክ ሆነ።

ሦስተኛውን ለመናገር እሳሳለሁ፤ በጣም ስለሚጥመኝ። በሐምሌ 2009 አማዞን ለአንባቢዎች ከሸጣቸው መጻሕፍት ሁለቱን ኪንድል ከተባለው የመጽሐፍ ማንበቢያ መሣሪያቸው ላይ በሩቁ ሰረዘ። መጻሕፍቱን በአማዞን በኩል ያቀረበው አካል የማሳተም መብት አልነበረውም፤ ገንዘቡ ለገዢዎች ተመለሰ፤ የኩባንያው መሪም በኋላ ይቅርታ ጠየቀ። አንድ ተማሪ ግን በመጽሐፉ ዳር ዳር የጻፋቸው ማስታወሻዎች የሚጠቅሱት ገጽ ጠፍቶባቸው ቀሩ። ከተሰረዙት አንዱ የጆርጅ ኦርዌል “1984” ነው፤ መንግሥት ያልወደደው ወረቀት ሁሉ “የትዝታ ጉድጓድ” በተባለ ቀዳዳ ወደ እሳት የሚላክበት መጽሐፍ። ይህን ልብ ወለድ ጸሐፊ ቢፈጥረው አርታኢው “በዛ” ብሎ ይሰርዝበት ነበር።

ኦርዌልን ካነሳን ዘንድ ስለ እርሱ አንድ ቅሬታ አለኝ። በመጽሐፉ ያለው የግድግዳ ስክሪን ድምፁ ይቀነሳል እንጂ ፈጽሞ አይጠፋም፤ እያሳየ ያያል። ይህ ምስል ጉልበቱ ትልቅ ስለሆነ ሰባ ምናምን ዓመት ሙሉ ጨቋኝ ቴክኖሎጂ ሲባል ፖሊስ ግድግዳችን ላይ የሚሰቅለውን ብቻ እንድናስብ አድርጎናል። ከኦርዌል አራት ዓመት በኋላ፣ በ1953፣ ሬይ ብራድበሪ “ፋራናይት 451”ን ሲያሳትም ነገሩን ገልብጦ አየው። የዋናው ገጸ ባሕርይ ሚስት ሚልድረድ በሳሎኗ ሦስት ግድግዳ የሚያህሉ ስክሪኖች አሏት፤ ማንም አላስገደዳትም። አራተኛውን እንዲገዛላት ባሏን ትነዘንዘዋለች። ዋጋው ሁለት ሺህ ዶላር ነው፤ የባሏ የዓመት ደመወዝ ሲሶ። ጆሮዋ ውስጥ ቀንና ሌሊት የሚያንሾካሹክ ትንሽ ራዲዮ አለ። ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ግን አንዲት ተቀጥላ መሣሪያ ናት፤ አቅራቢው ለማንም የሚናገረውን ንግግር እየቆረጠች የሚልድረድን ስም ትሰካበታለች። ሚልድረድ በስሟ ስትጠራ ያወቋት ይመስላታል። ስክሪኑ ውስጥ ያሉትንም “ቤተሰቤ” ትላቸዋለች። በኢሜይል ሳጥኔ ውስጥ ስሜን እያቆላመጡ የሚጠሩኝን ማሽኖች ሳይ ያቺን ሴት አስባለሁ።

አሁን ወደ ድርብርቡ ዓለም፣ ከሚታየው ሥር ሌላ እውነት ወደተደበቀበት ዓለም፣ እንግባ። ስለዚህ ጉዳይ ሲነሳ ሁሉም የሚያስታውሰው በ1999 የወጣውን “ማትሪክስ” የተባለ ፊልም ነው። ጥሩ ፊልም ነው፤ ጥፋቱ ነገሩን የፍልስፍና እንቆቅልሽ አድርጎ ማስቀረቱ ነው። ይህ ሁሉ ሕልም ይሆን? ከዋሻው ውጭ ፀሐይ አለች? የግሪኩ ፈላስፋ ፕላቶ ከሁለት ሺህ ዓመት በፊት፣ በዋሻ ታስረው እሳት ግድግዳ ላይ የሚጥለውን ጥላ እንደ እውነት ስለሚያዩ ሰዎች ሲጽፍ በሚገባ ጠይቆታል። የሳይንስ ልብ ወለድ ከፕላቶ የተለየ ጥያቄ ያመጣው በንግድ በኩል ነው፤ ጥላዎቹን ግድግዳው ላይ የሚጥለውን እሳት ማገዶ የሚገዛለት ማን ነው?

የፖል አጭር ልብ ወለድ እዚህ ይገባል፤ “ከዓለም በታች ያለው ዋሻ” ይባላል፤ 1955። ጋይ በርክሃርት የተባለ ሰው ሰኔ 15 ቀን ጠዋት ከፍንዳታ ሕልም እየጮኸ ይነቃል። ሥራ ይሄዳል፤ ከተማው ያው ነው፤ ሰዎቹ ያው ናቸው። የማያውቀው አዲስ ሲጋራ ያቀርቡለታል፤ በድምፅ ማጉያ ጆሮ የሚበጥስ የማቀዝቀዣ ማስታወቂያ ይጮህበታል። በማግስቱ ደግሞ እየጮኸ ይነቃል፤ ቀኑ ሰኔ 15 ነው። በአንድ ምሽት በአጋጣሚ ምድር ቤቱ ውስጥ ተኝቶ በማደሩ ትዝታው ሳይታጠብ ይቀራል፤ ከዚያም ገመዱን ይዞ እስከ ጫፍ ይሄዳል። በእርግጥም ጫፍ አለው፤ የጠረጴዛ ጫፍ። ከተማው በፍንዳታ ጠፍቷል፤ ሰዉ ሁሉ ሞቷል። አንድ የማስታወቂያ ነጋዴ የሙታኑን አእምሮ ቀድቶ በጥቃቅን ሮቦቶች ውስጥ አስገብቷል፤ ከተማውን ጠረጴዛ ላይ አሳንሶ ሠርቶታል። በየቀኑ አዲስ ማስታወቂያ ይሞክርባቸዋል፤ ማን እንደገዛ ይመዘግባል፤ ማታ ትዝታቸውን ያጥባል። በነጋታው ሌላ ማስታወቂያ ለያው ሰኔ 15።

ከዚህ ታሪክ ጎን አንድ እውነተኛ ነገር ላስቀምጥ። በጥር 2012 ለአንድ ሳምንት ፌስቡክ 689,003 ተጠቃሚዎች በገጻቸው ላይ የሚያዩትን አስተካከለ። ለአንዳንዱ ደስ የሚሉ ቃላት ያሉባቸውን ጽሑፎች ቀነሰ፤ ለአንዳንዱ የሚያሳዝኑትን። ከዚያ ሰዎቹ ራሳቸው የሚጽፉት ይለወጥ እንደሆነ ቆጠረ። በጥቂቱ ተለወጠ። ውጤቱ በሰኔ 2014 በአንድ የታወቀ የሳይንስ መጽሔት ላይ ሲወጣ ነው ዓለም የሰማው። ተለይተው ለተሳተፉት ለማንም አልተነገረም፤ ስምምነታቸው ተመዝግቡ በተባሉ ቀን “እስማማለሁ” ብለው ከተጫኑት ረጅም ውል ውስጥ አለ ተባለ። የጆ በር ያለውም ይህንኑ ነበር። የዚያን ሳምንት የከፋው ሰው ጠረጴዛ ላይ እንደቆመ በምን ይወቅ? ስሜቱ እንደሆነ የራሱ ነው፤ እውነት ከፍቶታል።

ድርብርቡ ሰውን ብቻ አያታልልም፤ ማሽንም ማሽንን ያታልላል። ቮልስዋገን ወደ 11 ሚሊዮን በሚጠጉ የናፍጣ መኪናዎች ውስጥ ያስገባው ፕሮግራም መኪናው ለምርመራ እንደቆመ ከመሪውና ከጎማው አኳኋን ያውቅ ነበር። በምርመራ ጊዜ ጭሱን ያጠራል፤ መንገድ ሲወጣ ይለቀዋል። በመስከረም 2015 እስኪጋለጥ ድረስ አንዱ መኪና በሁለት ዓለም ይኖር ነበር፤ አንዱ ለመርማሪው፣ አንዱ ለሳንባችን።

በአማርኛ ቅኔ ላደገ ሰው ድርብርብ ነገር ብርቅ አይደለም፤ ሰም አለ፣ ከሥሩ ወርቅ አለ። ነገር ግን በቅኔ ሰሙን የሚያቀልጠው ሰሚው ነው። ባለቅኔው ደብቆ የሚያስቀምጠው እንዲገኝለት ነው። ፖል በጻፈው ከተማ ግን ወርቁ የተቀበረው እንዳይገኝ ነው፤ ያገኘውም ሰው ማታ ይታጠባል።

ስታኒስዋፍ ሌም የተባለው ፖላንዳዊ በ1971 ከዚህም ወደ ጠለቀ ስፍራ ወረደ። የመጪውን ዘመን የሚያጠኑ ሊቃውንት ስለሚያደርጉት ጉባኤ በጻፈው መጽሐፍ፣ ኢዮን ቲኪ የተባለው ተራኪ ሁሉ የሞላለት የወደፊት ዓለም ውስጥ ይነቃል። በተንጣለለ ምግብ ቤት ተቀምጦ ሳለ አንድ ሰው ትንሽ ብልቃጥ ይሰጠዋል። ሲያሸተው ምንጣፉ፣ መብራቱ፣ ጥብሱ ሁሉ ይጠፋል። የተቀመጠው በኮንክሪት ጉድጓድ ውስጥ ነው፤ ሳህኑ ላይ ያለው ግራጫ ንፍሮ መሳይ ዝልግልግ ነገር ነው። በአየሩ ውስጥ የሚረጨው መድኃኒት ነበር የሚያሳምረው። ታሪኩ እዚህ ቢያበቃ ተራ ነበር። ሌም ግን ሌላ ብልቃጥ አለው፤ ከዚያም ሌላ። በሚቀጥለው ንብርብር ቲኪ ወደ ጎዳናው ይመለከታል። መኪና የለም። ሰዎች በመንገዱ መሀል በረድፍ ይሮጣሉ፤ እጃቸው በአየር ላይ መሪ ጨብጧል፤ ላብ ያጠምቃቸዋል፤ ያለከልካሉ። ሁሉም የሚነዱ ይመስላቸዋል። አሳንሰርም የለም፤ በባዶው ጉድጓድ ውስጥ በገመድ እየተንጠላጠሉ ይወጣሉ፤ ፎቅ ሲደርሱ ለምን እንደሚደክማቸው አያውቁም።

ከሁሉም ያልተዋጠልኝ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ነው። የዚህ ሁሉ አዛዥ የሆነው ሰው ሲጠየቅ እንደ ክፉ ሰው አይስቅም። ምድር ከሚገባው በላይ ሰው ሞልቶባታል፤ ምግብ አልቋል፤ ይህን ገልጦ ማሳየት ጭካኔ ነው ይላል። እኛ የምንሰጠው ማደንዘዣ ነው፤ ሐኪም የሚሞተውን ሰው አያደነዝዝም ወይ? ለዚህ ክርክር እስከ ዛሬ ጥሩ መልስ አላገኘሁም። የምለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አደንዛዡ የሚራራ ቢሆን እንኳ ሯጩ እግሩ ለምን እንደሚያመው ሳያውቅ ሐኪም ጋ ሊሄድ አይችልም።

የእንግሊዙ ኢ ኤም ፎርስተር በ1909፣ ቴሌቪዥን እንኳ ሳይኖር፣ “ማሽኑ ቆመ” የሚል አጭር ልብ ወለድ ጽፏል። ሰዎች ከመሬት በታች በየክፍላቸው ብቻቸውን ይኖራሉ፤ በሚያበራ ሳህን እየተያዩ ያወራሉ፤ ሺህ ሰው ያውቃሉ፤ አንዱንም አይነኩም። ስለ ቪዲዮ ጥሪው ሁሉም አውርቷል፤ ልለፈው። እኔን የያዘኝ ወደ መጨረሻው ያለች ትንሽ ክፍል ናት። ማሽኑ መበላሸት ሲጀምር ሙዚቃው ውስጥ የሚያቃስት ድምፅ ይገባል። ሰዎቹ ለጥገና ኮሚቴው አቤት ይላሉ፤ በቅርቡ ይስተካከላል ይባላሉ። አይስተካከልም። ጥቂት ቆይቶ ማቃሰቱን የዜማው አካል አድርገው ይሰሙታል። ፍራፍሬው ይሻግታል፤ ይለምዱታል። የመታጠቢያው ውሃ ይሸታል፤ ይለምዱታል። እኔም ማሽኔን “ተበላሽቷል” ማለት ከተውኩ ቆይቻለሁ። አሁን የመጀመሪያውን አምራች ቢጫ ቀለም ሁለት ሁለት እየገዛሁ አስቀምጣለሁ።

አዳራሹ ውስጥ ያላችሁ መሐንዲሶች “ታዲያ ብሎኑን ፈትተን እንጣለው ነው የምትለው?” እንደምትሉኝ አውቃለሁ። በ1969 ይህ ቀልድ ነበር። በ1998 አሜሪካ ባወጣችው ዲኤምሲኤ በተባለው ሕግ፣ በቅጂ መብት የተጠበቀ ሥራን የሚከልል ዲጂታል መቆለፊያ ማለፍ በራሱ የተከለከለ ሆነ። ዕቃ ሁሉ ውስጡ ፕሮግራም ስላለውና ፕሮግራም በቅጂ መብት የሚጠበቅ ስለሆነ፣ መቆለፊያው ከፊልምና ከሙዚቃ አልፎ ወደ መኪናና ወደ ትራክተር ተዛመተ። አንድ ገበሬ የራሱን ትራክተር ለመጠገን መቆለፊያውን ማለፍ የሚችልበት ልዩ ፈቃድ የተሰጠው በ2015 ነው፤ የሰጠውም የቅጂ መብትን ጉዳይ የሚይዘው የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ነው። ፈቃዱ በየሦስት ዓመቱ እንደገና ይታያል። የዲክ በር ለዛቻው ከ29 ዓመት በኋላ ሕግ አገኘለት ማለት ነው።

ጆ ቺፕ የመለሰውን አልነገርኳችሁም። ቢላውን እንደያዘ፣ እስከ ዛሬ በር ከሶኝ አያውቅም፣ ቢከሰኝም የምችለው ይመስለኛል አለው።